ለወንድሜ መኪና የመረጥኩት ማሞቂያ

ቅናተኛ ነኝ። ይሄን ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት ከራሴ ብትሰሙት ይሻላል። በሰው ባል ቀንቼ አላውቅም፣ በሰው ቤትም፣ በሰው ወርቅም። ዕድሜ ልኬን በፒያሳ ወርቅ ቤቶች ደጃፍ ስመላለስ ኖሬ አንዱም ሀብል ዓይኔን አላስቆመውም። የምቀናው በአንድ ሰው ብቻ ነው፣ በታናሽ ወንድሜ። የሚያስቀናኝም አባታችን ለሱ ያላቸው ነገር ነው።

አባባ የሚኖሩት ከእኔ ጋር ነው። ቤታችን ከፒያሳ ወደ እሪ በከንቱ ሲወረድ ነው፤ ሰፈሩ ግማሹ ፈርሶ እኛ ያለንበት ግማሽ እስካሁን አለ። ጨው የሌለው ሽሮ የምሠራላቸው እኔ ነኝ። የደም ግፊት ኪኒናቸውን የማስታውስ፣ ሐኪም ቤት ወረፋ የምይዝ፣ የእግር ጥፍራቸውን የምቆርጥ እኔ ነኝ። ቀን ቀን ክርና ቁልፍ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ በምሳ ሰዓት ዘግቼ እየሮጥኩ መጥቼ አብልቻቸው እመለሳለሁ። ይሄ ሁሉ ሲሆን አባባ ዝም ነው። ቅዳሜ ጠዋት የወንድሜ መኪና ጡሩምባ ከታች ሲሰማ ግን፣ ከወንበር ለመነሳት የእኔን ክንድ የሚፈልጉት ሰውዬ፣ ብድግ ብለው ኮፍያቸውን ይፈልጋሉ።

ወንድሜ ያደረገው ይሄ ነው። ከታክሲ ሥራ የወጣ አሮጌ ሚኒባስ ገዛ። ወንበሮቹን ነቅሎ በኮምፔንሳቶ ሁለት አልጋ ሠራበት፣ ስፖንጅ ፍራሽ አነጠፈ፣ የውሃ ጀሪካን ከነቧንቧው ሰቀለ፣ ጣሪያው ላይ ለአየር የምትሆን ክዳን ያላት ቀዳዳ አወጣ። መጋረጃዎቹን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ይሄን እስከ ዛሬ ያነሳው ሰው የለም። ከዚያ አባባን ይዞ አንዴ መናገሻ፣ አንዴ ወንጪ እየወሰደ ያሳድራቸው ጀመር። ሲመለሱ ሳምንቱን ሙሉ ወሬው እሱ ነው። ልጄ ዓሣ ጠበሰልኝ፣ ልጄ ሐይቁ ዳር ወንበር ዘረጋልኝ። ጊዮርጊስ አጠገብ አባባ ማኪያቶ የሚጠጡባት ኬክ ቤት ያለችው አስተናጋጅ እንኳ ሳይቀር እኔን ስታይ፣ የአባባ ልጅ እንዴት ያለ ልጅ ነው እባክሽ፣ ትለኛለች። እኔ ማን እንደሆንኩ እያወቀች እኮ ነው የምትለኝ። እርር ድብን እላለሁ፣ ግን ፈገግ ብዬ አልፋለሁ።

አንድ ቀን፣ ሲያቀብጠኝ፣ እኔም ብሄድ ምን ይመስላችኋል አልኩ። ወንድሜ አልጋው ሁለት ነው አለ። አባባ ደግሞ፣ አንቺ ሱቅሽን ጥለሽ የት ትሄጃለሽ፣ ብለው ወሬ ቀየሩ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኩም። እነሱም አልጠየቁኝም።

አባባ በጉልበታቸው ጊዜ የአሰብ መስመር የተሳቢ ሾፌር ነበሩ። ባለፈው ኅዳር፣ ጣርማ በርን ሳላይ አልሞትም አሉ። በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ ጋቢና ውስጥ አድረዋል። ወንድሜም እሺ፣ ሄደን እናድራለን አለ። የኅዳር ጣርማ በር ብርድ ምን እንደሚመስል የማታውቁ ካላችሁ፣ ጠዋት ሣሩ ላይ ነጭ ውርጭ ተጋግሮ የሚታይበት አገር ነው። እኔም ደነገጥኩ፤ በዚህ ዕድሜያቸው ሳንባቸውን ቢመታቸውስ ብዬ።

አባባ ግን መፍትሔው በእጃቸው ነው። ምድጃ ይዘን እንሄዳለን፣ ከሰሉን ውጪ አቀጣጥለን ጥሩ ፍም ሲሆን አስገብተን በሩን እንዘጋለን፣ ድሮም እንደዚህ ነበር የምናደርገው አሉ። ልጅ ሆኜ ከእኛ ግቢ ወረድ ብሎ ያሉ ባልና ሚስት፣ ሕፃን ይበርደዋል ብለው የከሰል ምድጃ አስገብተው እንደተኙ ቀርተዋል። በዚህ ከተማ እንዲህ ያለ ታሪክ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ግን ሁሉም የሚያውቀው በሌላ ሰው ላይ የደረሰ አድርጎ ነው። እኔ ቆሜ እያለሁ ከሰል መኪና ውስጥ አይገባም አልኩ። ወንድሜ ሳቀና፣ ከሰል የት ታየሽ፣ የጋዝ ማሞቂያ እገዛለሁ አለ።

ያኔ ነው፣ ማሞቂያውን የምገዛው እኔ ነኝ ያልኩት።

እውነቱን ልናገር። ግማሹ ፍርሃት ነው። ወንድሜ ልቡ ጥሩ ነው፣ ግን ዕቃ ሲገዛ ትልቁንና የሚያብረቀርቀውን ነው የሚያነሳው። ሌላው ግማሽ ቅናት ነው። እዚያ መኪና ውስጥ እኔ አልገባም፤ እሺ፣ ዕቃዬ ይግባ። አባባ ጣርማ በር ላይ እግራቸው ሲሞቅ፣ ይሄን ያደረገችልኝ ልጄ ናት ይበሉ። የፈለግኩት ይሄንን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ሱቄን ከሰዓት እየዘጋሁ ፒያሳን ዞርኩ። የቤት ዕቃ የሚሸጡትን ሁሉ አዳረስኩ። መጨረሻ ላይ አንድ የወልቂጤ ሰው ሱቅ ውስጥ ሦስት ዓይነት አገኘሁ። አንደኛው ባለ ጎማ ነው፣ ሲሊንደሩን ሆዱ ውስጥ የሚይዝ፣ ቁም ሳጥን የሚያክል፤ ለሳሎን የተሠራ መሆኑ ያስታውቃል። ሁለተኛው ሲሊንደሩ አናት ላይ የሚጠመድ ነው። እሱን ሳይ የታየኝ አባባ ለሽንት ሲነሱ የጋቢያቸው ጫፍ ጠልፎት ከነእሳቱ ሲወድቅ ነው። ሦስተኛው ትንሽ ነው፣ እግሩ ሰፋ ያለ፣ በትንሽ ጋዝ የሚሠራ፤ ሲያዩት ዓይን አይሞላም። ባለሱቁ ለሱ ብዙም ቃል አላወጣም፤ ልቡ ትልቁን መሸጥ ላይ ነው።

የትንሿን መመሪያ ወረቀት ተቀብዬ መነጽሬን አደረግኩና በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ቆየሁ መሰለኝ፣ ባለሱቁ ሻይ አስመጣልኝ። ይሄኛው ከተንጋደደ ራሱን ያጠፋል። ከዚያ የሚበልጠው ነገር ደግሞ ከታች ተጽፏል፤ ያለበት ቤት አየሩ ካነሰ፣ ሰው ሳይታፈን በፊት ራሱን ያጠፋል። ትልቁ ይሄ አለው ወይ አልኩት ባለሱቁን። ትልቁ ሙቀት አለው አለኝ።

ወንድሜ ሲመጣ እንደጠበቅኩት ቀጥ ብሎ ወደ ትልቁ ሄደ። ጎማውን ገፋ አደረገ፣ ይሄ ነው ዕቃ አለ። ሱቅ ውስጥ ተጨቃጨቅን። ትንሿን እያሳየ፣ እህቴ፣ ይሄ እኮ የሻይ ማፍያ ነው አለኝ። እኔም፣ አንተ ለመኪናህ ጌጥ ስትፈልግ እኔ ለአባቴ ነፍስ እየፈለግኩ ነው አልኩት። አባቴ ማለቴ ቅር አሰኘው መሰለኝ ፊቱን ወደ ትልቁ አዞረ። ከፋይዋ እኔ ስለሆንኩ ትንሿ ተገዛች።

ቤት ወስጄ ግቢ ውስጥ ሁለቱም እያዩ ፈተንኳት። የጋዙ ጎማ የሚገጥምበት ቦታ ላይ የሳሙና አረፋ ቀባሁ፤ አረፋው አልተነፋም፣ አያስወጣም ማለት ነው። ለኮስኳት፣ ፊቷ ቀላ። በጫማዬ ጫፍ ገፋ ሳደርጋት ወደቀች፣ ወዲያው ጠፋች። አባባ እጃቸውን ወደ ሙቀቱ ዘርግተው፣ ጎበዝ ናት አሉ። ያቺን ቃል ለራሴ ወሰድኳት።

ከዚያ ትእዛዜን ሰጠሁ። ሲነድ መስኮቱ አራት ጣት ይከፈት። የጣሪያው ክዳን ክፍት ይሁን። ከመተኛታችሁ በፊት አጥፉት፤ ይጠፋል ብላችሁ በሱ ተማምናችሁ እንዳትተኙ። ወንድሜ እሺ እሺ አለ፤ የእሱን እሺ አውቀዋለሁ። አባባ ደግሞ የመስኮቱ ነገር አልተዋጠላቸውም። ማሞቂያ አብርቶ መስኮት መክፈት፣ ይሄ ምን የሚሉት ብልሃት ነው አሉ።

እንግዲህ እኛን ታውቁናላችሁ። ታክሲ ውስጥ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ፣ ላብ በላብ ሆነን፣ አንድ ሰው መስኮት ገርበብ ካደረገ ከኋላ ሦስት ሰው ዝጋው ይላል። መታፈንን አንፈራም፤ የምንፈራው ነፋስ ነው። ያመመን ሁሉ ነፋስ ገብቶን ነው። አባባ በዚህ ከሁሉም ይብሳሉ፤ ቀዳዳ ካዩ እጃቸው አያርፍም። የእኔ መኝታ ክፍል መስኮት፣ አልጋዬ ራስጌ በኩል፣ ጥጉ ላይ የተሰበረ መስታወት አለው። ያ ባለ አበባ መስታወት ዛሬ የትም ስለማይገኝ እንደተሰበረ ቀርቷል። እዚያ ቀዳዳ ውስጥ የአባባ አሮጌ የሥራ ሱሪ እግር ተወትፎ ይኖራል፣ ከነመኪና ግራሱ፣ ጥቁር ብሎ። ለበዓል ቤት ባጸዳሁ ቁጥር ጎትቼ አውጥቼ እጥለዋለሁ። በዓሉ አልፎ ሁለት ቀን ሳይቆይ ሌላ ጨርቅ ሳይሆን ያው ሱሪ፣ ያው እግር፣ ተመልሶ ቦታው ላይ ነው። የሽማግሌ ግትርነት ነው ብዬ ስንት ጊዜ እንደተነጫነጭኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሄዱ። ስንቁን ቋጠርኩ፣ ኪኒናውን ለወንድሜ አስጨበጥኩ፣ ለገና የገዛሁላቸውን ባለ ጥለት አዲስ ጋቢ አባባን አለበስኩ፤ ለገና ያልኩት ሳይደርስ ለብርዱ ሰጠኋቸው። መኪናው ዳገቱን ሲወጣ የሰፋሁት መጋረጃ በመስኮቱ ሲወዛወዝ ታየኝ። ሱቅ ገብቼ ስውል ሰው ነጭ ክር ሲጠይቀኝ ጥቁር ሰጠሁ። ሐሳቤ ሁሉ ትንሿ ማሞቂያ ጋ ነው። አሁን ለኩሰዋት ይሆናል፣ አሁን እግራቸውን ዘርግተው ይሆናል እያልኩ ደስም ይለኛል፣ ያንገበግበኛልም።

እሑድ ከሰዓት ተመለሱ። ወንድሜ ማሞቂያዋን እንደ ሞተ ድመት አንጠልጥሎ ገባና ከፊቴ አስቀመጣት። ዕቃሽ አትረባም አለኝ። ሌሊቱን ትጠፋለች፤ ምን ሆነች ብሎ በሩን ከፍቶ ወጥቶ ገብቶ ሲለኩሳት ትበራለች፤ ተመልሰው ጋደም ካሉ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ትጠፋለች። እንደዚህ ስታሾፍባቸው አድራ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጠው ትተዋታል።

አባባ ግን ፊታቸው ወለል ብሏል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል አሉ፤ ግን ልጄ ጃኬቱን አውልቆ አለበሰኝ፣ እግሬን በሁለት እጁ ሲያሽልኝ ነጋ፣ እኔስ እንዲህ ያለ ሌሊት አላሳለፍኩም አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

አያችሁልኝ። መርጬ፣ ተጨቃጭቄ፣ ገዝቼ የላክኋት ዕቃ ጠፍታ የአባባን እግር ለወንድሜ እጅ ሰጠችው። ቆሽቴ አረረ። ሄጄ ግቢ መሐል አስቀመጥኳትና ለኮስኳት። ቀላች። ቆምኩባት። ልብስ አሰጣሁ፣ ተመለስኩ፣ ትነዳለች። ወንድሜ እየመጣ ያያል፣ ግራ ገብቶት ይመለሳል። እዚህ የማትጠፋ እዚያ ለምን ትጠፋለች ስል ነው፣ በሩ ሲከፈት ትበራለች ያለው ትዝ ያለኝ።

መስኮቱ ክፍት ነበር ወይ አልኩ። ወንድሜ፣ አራት ጣት ብለሽ የለ፣ ራሴ ነኝ የከፈትኩት አለ። የጣሪያውስ ስል፣ ጤዛ ሲያንጠባጥብበት በፕላስተር እንዳሸገው ተናገረ። አጥፍታችሁ ነው ወይ የተኛችሁ ስል ወንድሜ ወደ አባባ ዞረ። አባባ የጫማቸውን ክር ያያሉ።

መኪናው ውስጥ ወጣሁ። የወንድሜ አልጋ ራስጌ በኩል ያለው መስኮት ላይ፣ ከመጋረጃው ኋላ፣ አዲሱ ጋቢ፣ ለገና የገዛሁት፣ ተጠቅልሎ ተወትፎበታል። ጥለቱ ተጨማዷል። ጣት እንኳ የሚያስገባ ክፍተት አልተረፈም። እንዲያውም ለማውጣት ታገልኩ። ጋቢውን ይዤ ወረድኩ።

እስቲ አስቡት። ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ፣ በሩ ተዘግቶ፣ ጣሪያው ታሽጎ፣ መስኮቱ ተወትፎ፣ እሳት እየነደደ ሁለቱ ተኝተዋል። ያቺ የማትረባ ዕቃ አየሩ ሲያንስ ጠፋች። ለኮሷት፣ ጠፋች። እንደገና ለኮሷት፣ እንደገና ጠፋች። ያ ባለ ጎማው ቢሆን ኖሮ ሙቀቱን እየሰጠ፣ እያሳመረ ያስተኛቸው ነበር። ይሄን በቀስታ ነበር ልናገር ያሰብኩት፣ ግን ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ወንድሜ የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጠና እጁን አፉ ላይ አደረገ። ደግሜ የነገርኩት ነገር የለም፣ ገብቶታል።

አባባን ለምን ወተፉት አልኳቸው። ወደ ወንድሜ ሳያዩ ቀስ ብለው መለሱ።

«ነፋሱ በልጁ ራስ በኩል ነበር የሚገባው። እንቅልፍ ወስዶታል። እንዳይመታው ብዬ ነው።»

ሁለቱም ሊሞቱ ነበር፤ በሕይወት ፊቴ ቆመዋል፤ ተንበርክኬ ማመስገን ነበረብኝ። እኔ ግን ምን እንደሰማሁ ልንገራችሁ። የሰማሁት፣ በዚያ ብርድ እኔ የሰጠኋቸውን ጋቢ ከገላቸው ላይ አውልቀው ለሱ ራስ መከታ ማድረጋቸውን ነው። ስንት ዓመት ሆዴ ውስጥ የተቀመጠው ነገር ያኔ አፌ ላይ መጣ።

«ለኔስ? ለኔ አንድ ቀን ነፋስ መክተውልኝ ያውቃሉ?»

አባባ ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። ትኩሳት ያለበትን ሰው እንደሚያዩት ነው ያዩኝ።

«ካንቺ ራስጌ ያለውን ቀዳዳ ማን የሚደፍነው ይመስልሻል? በየበዓሉ ጎትተሽ ትጥይዋለሽ። እኔ ከቆሻሻው አውጥቼ መልሼ እወትፈዋለሁ።»

ጋቢውን በእጄ እንደያዝኩ ወደ ክፍሌ ገባሁና አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። የሱሪው እግር ቦታው ላይ ነው። በጣቴ ነካሁት፣ ጠንክሯል፣ ግራሱ ለዘመናት አልለቀቀም። የአሰብ መስመር ሱሪ ነው። መስኮቱ ከተሰበረ ጀምሮ፣ እኔ ከልጅነት ወደዚህ ዕድሜ ስመጣ፣ እዚያው ነበረ። አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

ሲወጣልኝ ግን፣ እኔ እኮ እኔ ነኝ፣ ያ ነገር መልሶ ጫረኝ። ለሱ አዲስ ባለ ጥለት ጋቢ፣ ለኔ የሱሪ እግር። ይሄም ልዩነት አይደለም ትላላችሁ? ከሱሪው ጋር ትንሽ ተፋጠጥን። በኋላ አውጥቼ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠብኩት፣ ግቢው ውስጥ ከማሞቂያዋ አጠገብ አሰጣሁት። አባባ ከበሩ ሆነው ያዩኛል፣ እጥለው እንደሆነ እየጠበቁ። ሲደርቅ አጣጥፌ መልሼ ቀዳዳው ውስጥ ወተፍኩት። ያኔ ወደ ቤት ገቡ።

ወንድሜ የጣሪያውን ፕላስተር ዕለቱን ቀደደው። እንደገና ሲሄዱ ማሞቂያዋ አብራ ትሄዳለች፤ አባባ ኬክ ቤት ውስጥ፣ ልጄ የገዛችልኝ ማሞቂያ እምቢ ማለት ታውቃለች እያሉ ያወራሉ። አስተናጋጇ ነግራኛለች። መስኮቱን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል ብለው ለኔ ወለሉ ላይ የሚዘረጋ ሦስተኛ ፍራሽ እንዲሠራ ወንድሜን አዘዙት፤ እየሠራ ነው፣ አልቸኮለም።

ሱሪውን መልሼ በወተፍኩ ማግስት ግን እንቅልፍ የነሳኝን ሒሳብ ጨርሼ ለወንድሜ ደወልኩለት። አባባ ለሱ የወተፉት አንድ ሌሊት ነው። ለኔ የወተፉት ዕድሜዬን ሙሉ ነው። ይሄንኑ ነግሬው ስልኩን ዘጋሁ።